ሁለት ወይስ ሦስት? ስለ ቀጭን ላሜራ ሥራ

የኮሌጁ አሠልጣኞች፣ ዘንድሮ የምትመረቁ ሠልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ብላችሁ ከሥራ ቀርታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፦

የደረሰኝ የጥሪ ደብዳቤ «ስለ ብረታ ብረት ሙያና ስለ ሥራ ዕድሉ ንግግር እንዲያደርጉልን» ይላል። ብረታ ብረት ሰፊ ነው። ድልድይም ብረት ነው፤ መርፌም ብረት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል እጄን የቆረጠኝ ግን ቀጭኑ ነው፤ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጠው፣ በአንድ ጫፍ ስታነሡት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ የሚያወጣው፣ ከመኪና ላይ ስታወርዱት ነፋስ ካገኘው እንደ ሸራ ተወጥሮ ሰው የሚጥለው ላሜራ። ስለዚህ ደብዳቤውን አጥብቤ ተርጉሜዋለሁ። ሰፊውን ሌላ ሰው ይናገርላችሁ።

ይህን መድረኩ ላይ የተኛውን ላሜራ ይዤ የመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ወደ 8 ኪሎ። ከዚህ የእንጀራ ምጣድ ክዳን እንሥራ እንበል። ለአንድ ክዳን ከዳር እስከ ዳር 68 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ መቁረጥ አለብን። ከዚህ ላሜራ ስንት ክብ ይወጣል? እጅ አውጡ። ሁለት የምትሉ? አዳራሹ ሙሉ ነው። ሦስት የምትሉ? አራት፣ አምስት እጅ አያለሁ። እዚያ ኋላ፣ አንቺ ልጅ፣ አውጥተሽ ለምን መልሰሽ አወረድሽው? «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ለዛሬ ተዪውና እጅሽን እንዳነሣሽ ቆዪ። እንመለስበታለን።

ዛሬ የማነሣው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ ሥራ የት የት እንዳለ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የሚገኘውም የሚጠፋውም የት ላይ እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ከዚህ ግቢ ስትወጡ የትኞቹ በሮች እንደሚጠብቋችሁ። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሳይነግሩኝ ስለቀሩ ብዙ ላሜራ ያበላሸሁት እዚያ ላይ ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ። ሥራው የት አለ?

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቀና በሉ። ዝናቡን ሰብስቦ የሚያወርደው አሸንዳ የታጠፈ ላሜራ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የፊውዝ ሳጥን ላሜራ ነው። ማእድ ቤት ግቡ፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አካል ላሜራ፣ ክዳኑም ላሜራ። «ላቀች» የምንላት የከሰል ምድጃ ውጭዋ ላሜራ፣ ውስጧ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፣ ላሜራው ሸክላውን ይይዛል። የሐሳቡ ዘመድ ያለው ኬንያ ነው፤ ወደ እኛ መጥቶ የእኛን ስም አወጣ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የፋይል መደርደሪያ፣ የትምህርት ቤቱ ሎከር፣ የሆቴሉ ጭስ መሳቢያ፣ የአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ጣሪያ ላይ የምታዩት ትልቅ አራት ማዕዘን የአየር ቱቦ፣ እኛ ዳክት የምንለው፣ ሁሉም ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው።

ወላጆች ደግሞ አውሮፕላንን አስቡልኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገበት ዳኮታ ከቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ተቆርጦ፣ ተጠፍጥፎ፣ በሺሕ በሚቆጠር ሪቬት የተሰፋ ነው። እኛ ሰፈርም ባልዲ በሪቬት ይሰፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የልኩ ጥንቃቄና የቁጥጥሩ ጥብቀት ነው እንጂ፣ የእጁ ሥራ ሥጋ ዘመድ ነው። እስከ ዛሬም አውሮፕላን ጠጋኞች ዘንድ ራሱን የቻለ የላሜራ ሙያ አለ፤ ቆዳው የተላጠውን ክንፍ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሪቬት መትቶ የሚመልስ ሰው።

እኔ ያደግሁት መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ አንድ ቅዳሜ ጧት ይሂድ። የዘይት በርሜል ሆዱ ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተዘርግቶ፣ ጀርባው ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ ሳይጠፋ ምድጃ፣ ሳጥን፣ ገንዳ ሆኖ ይወጣል። ከሩቅ ሲሰሙት ሁካታ ነው፤ ውስጡ ሲገቡ እያንዳንዱ መዶሻ የራሱ ምት አለው። ልጅ ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ እለይ ነበር። ጠርዝ የሚያጥፍ ሰው ቀስ ብሎ፣ ተደጋጋሚ፣ እንደ ዝናብ ነው የሚመታው። በርሜል የሚዘረጋው ግን አንዴ መትቶ ያርፋል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። እነዚህን ስንጠራ ጣልያንኛ እየተናገርን ነው። ጣልያኑ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሄደ፤ የመሣሪያው ስም ግን ወርክሾፕ ውስጥ ቀረ። አሁን ደግሞ ሲኤንሲ፣ ሌዘር፣ ፕላዝማ እያልን ነው። ስሙን ከየትም አምጡት፤ ብረቱ ግን የሚታጠፈው በአንድ ሕግ ነው።

ወላጆች፣ አንድ ጉዳይ በግልጽ እናውራ። ይህ ሙያ በሀገራችን ስድብ ነበረበት። ቀጥቃጭ፣ ባለእጅ፣ ከዚያም የከፋ ቃል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲተው አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለነበረው ነው። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል፤ እኔ ግን ሽማግሌ ልኬ የልጅቱ አባት «ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የፋብሪካ ባለቤት ነው» ብሎ ዋሸልኝ። ፋብሪካው ሦስት በአራት የሆነ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሞርሳና ሁለት መቀስ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ፋብሪካው እንዴት ዋለ?» ትለኛለች። ልጃችሁ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ ሲመጣ እንዲህ ያለ ውሸት እንዳያስፈልገው እናንተ ከአሁኑ ስሙን አስተካክላችሁ ጥሩለት።

ወደ ሁለተኛው ነገር። ገንዘቡ የት ላይ ነው?

ሥራ የጀመርኩት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ነው። ጋሼ ነበር የምንለው። ስገባ መቀስ ይሰጠኛል ብዬ ጓጉቼ ነበር። ጋሼ ግን ካርቶን፣ ማስመሪያና እርሳስ ሰጠኝ። ሦስት ወር ሙሉ ካርቶን ላይ ብቻ መስመር ስጥል ቆየሁ። እኩዮቼ እሳት ሲያበሩ፣ ብየዳ ሲማሩ፣ እኔ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ጥግ ተቀምጬ ካርቶን አጥፋለሁ። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ «ጋሼ፣ ብረት መቼ ነው የምነካው?» አልኩት። «ካርቶኑ ሲታዘዝህ» አለኝ። «ካርቶን ብታበላሽ ካርቶን ነው። ላሜራ ብታበላሽ የኔ ምሳ ነው።»

ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ወርክሾፔ ውስጥ የምደጋግመው ይኸንኑ ነው፦ መስመሩ ከመቀሱ ይቀድማል። መቁረጥ በሳምንት ይለመዳል። ማጠፍ በወር ይለመዳል። የታጠፈውን ዕቃ እያዩ ዝርጉን ማሰብ፣ ዝርጉን ላሜራ እያዩ የታጠፈውን ማየት፣ እሱ ነው ዓመታት የሚወስደው፤ ደመወዝ የሚጨምረውም እሱ ነው።

እስቲ ክዳኑን እንሥራው። የምጣድ ክዳን ጎጆ ቅርጽ ነው፤ ከላይ ሾጠጥ ብሎ ወደ ታች የሚሰፋ። አፉ 60 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ማለትም ከመሃል እስከ ዳር 30። ቁመቱ 16። ከጫፉ እስከ አፉ ያለው ዘንበል ያለ ጎን ስንት ነው? ስምንተኛ ክፍል የተማራችሁትን አስታውሱ፦ 30 በ30፣ 900፤ 16 በ16፣ 256፤ ድምሩ 1156፤ ሥሩ 34። ስለዚህ ዝርጉ ላይ የምንጥለው ክብ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 34 ሴንቲሜትር ነው። ቅድም 68 ያልኳችሁ ከዚህ የመጣ ነው።

የክቡ ዙሪያ ወደ 213 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። የክዳኑ አፍ ዙሪያ ግን ወደ 188 ተኩል ብቻ። ትርፉ 25 ሴንቲሜትር። ያንን 25 ሴንቲሜትር ዳሩ ላይ ለክታችሁ፣ ከሁለቱም ምልክት ወደ መሃል መስመር ስባችሁ፣ እንደ ዳቦ ቁራጭ ታወጡታላችሁ። ጫፍና ጫፉን ስታገናኙት ላሜራው በራሱ ይነሣና ጎጆ ይሆናል። መጀመሪያ ቀን ካርቶኑ በእጄ ላይ ሲነሣ ያየሁትን አልረሳውም፤ ጠፍጣፋ የነበረ ነገር ጣሪያ ሆነ። ነገር ግን ጫፍና ጫፍ ገጥመው ከቀሩ ሪቬቱ የት ሊመታ ነው? ስለዚህ 25 ሳይሆን 24 ሴንቲሜትር ነው የምታወጡት፤ 1 ሴንቲሜትሯ አንዱ በሌላው ላይ እንዲደራረብ ትቀራለች። ይህችን 1 ሴንቲሜትር የረሳ ሰው ክዳኑን በብየዳ ሊያገናኘው ይሞክራል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ላሜራ ደግሞ ብየዳ ሲነካው ይበሳል፣ ያልተበሳው ይሸበሸባል። ከዚያ ጥፋቱን የብየዳ ማሽኑ ላይ ይለጥፋል።

አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር፦ ክብ በገመድ አትጣሉ። ገመድ ይለጠጣል። ቀጭን የላሜራ ቁራጭ ላይ 34 ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ ለሚስማር፣ አንዱ ለሹሉ መጫሪያ። ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል፤ እኔ የ20 ዓመት ያለው አለኝ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የራሴን ቤት ከከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት የኤሌክትሪክ ሳጥን እንድሠራ ታዘዝኩ፤ ብዛቱ 40። በሩ ከአራቱም ጎን ወደ ውስጥ የሚታጠፍ፣ ፊቱ 50 ሴንቲሜትር። እኔም ፊቱን 50፣ እጥፋቶቹን በየጎኑ ደምሬ ቆረጥኩ። አጠፍኩ። በሩ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ አለ። ለካሁት፤ በየእጥፋቱ ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ አድጓል። ለምን አደገ? ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ መሃል ላይ ግን የማይለጠጥም የማይጨመቅም መስመር አለ። የምንለካው በውጩ ነው፤ ብረቱ ግን ልኩን የሚጠብቀው በመሃሉ መስመር ነው። ስለዚህ በውጭ ልክ ደምሮ የቆረጠ ሰው ሁልጊዜ ትርፍ ላሜራ ይዞ ይቀራል። ለ1 ሚሊሜትር ላሜራ በአንድ ዘጠና ዲግሪ እጥፋት 2 ሚሊሜትር ገደማ ይቀነሳል። እኔ አልቀነስኩም። በአግድም ሁለት እጥፋት፣ በቁመት ሁለት እጥፋት፤ 40 በር። ወፍጮ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ጠርዝ ስበላ አደርኩ፤ ላሜራው የተቀባው ዚንክም አብሮ ተፋቀ። ያዘዘኝ መሥሪያ ቤት በሮቹን ተቀበለ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ጠርዛቸው ዝጎ ፎቶ ላከልኝ። ሁለተኛ አላዘዘኝም። ልክም ነበር።

ካርቶን ላይ ሦስት ወር አጥፌ ይህን እንዴት ሳትኩት? ካርቶን አንድ ነገር አያስተምርም፤ ውፍረትን። ስለዚህ ከካርቶን ቀጥሎ የምታደርጉት ይኸው ነው፦ አዲስ ላሜራ ሲገባ 10 ሴንቲሜትር በ2 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቁረጡ፣ መሃሉ ላይ እጠፉት፣ ሁለቱን ክንፍ በካሊፐር ለኩ፣ ድምሩ ከ10 ሴንቲሜትር ስንት እንደበለጠ ግድግዳው ላይ ጻፉ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አርባ በር ያድናል። ላሜራው እጃችሁን ስትለቁት ትንሽ ወደ ኋላ እንደሚመለስም ያን ጊዜ ታያላችሁ፤ ዘጠና የምትፈልጉ ዘጠና ላይ ካቆማችሁ ዘጠና አታገኙም፣ አሳልፋችሁ ማጠፍ አለባችሁ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው የላሜራ ዋጋ ስለሚያመኝ ነው። ላሜራው ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ቁርጥራጭ ላሜራ እየረገጠ የሚሄድ ሰው ሳይ ጫማውን ከብር ላይ አንሣ እለዋለሁ። ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማየው ብየዳውን አይደለም። ላሜራ አሳየውና ስንት ክዳን ታወጣልኛለህ እላለሁ። ሁለት ወይስ ሦስት?

አሁን ሦስተኛው። የትኛው በር?

በመጀመሪያ ስለማትገቡበት በር። ከዚህ በፊት ከተመረቁት የማውቃቸው ብዙዎቹ ተሰባስበው ተደራጅተው፣ ሼድ ተሰጥቷቸው፣ ሁሉም አንድ ነገር ሠሩ፤ በርና መስኮት። ኤልቲዜድና ቱቦላሬ ቆርጦ መበየድ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አብልቷል። ነገር ግን በአንድ ሼድ ተርታ አሥራ ሁለት ማኅበር ቆሞ አንድ መዝጊያ ሲሻማ አይቻለሁ፤ መስኮቱን ደግሞ አሉሚኒየም ወሰደው። ከዚያው ተርታ መንገድ ተሻግሮ የሚሠራ ሕንፃ ዳክት የሚሠራለት አጥቶ ይጉላላል። ዳክት ሠሪ የምትሆኑ ሰው ይፈልጋችኋል፤ ይህን በሙሉ አፌ እናገራለሁ። ሆስፒታል ይሠራል፣ ሆቴል ይሠራል፣ ምድር ቤት ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ሁሉም አየር ማስገባትና ጭስ ማስወጣት አለበት።

ዳክት የብየዳ ሥራ አይደለም፤ ላሜራውን ቦይና ምላስ አድርጎ አጥፎ፣ ምላሱን ቦዩ ውስጥ ከትቶ፣ በመዶሻ መዝጋት ነው። ቀጥ ያለውን ማንም ይሠራዋል። ክርኑን፣ ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ የሚሸጋገረውን፣ የጣሪያ ተሸካሚ ሲገጥመው ጎንበስ ብሎ የሚያልፈውን ግን መስመር የሚያውቅ ብቻ ነው የሚሠራው። አሁንም መስመር። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደው ይህን የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ፤ እቃ ከማውረድ ጀምረው የሥራ ሥዕል የሚያነብ ሰው ሲጠፋ «እኔ አነባለሁ» ያሉ። አሜሪካ ደግሞ ይኸው ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት አምስት ዓመት እየሠሩ፣ እየተከፈላቸው፣ ማታ ማታ እየተማሩ የሚወጡበት። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ስትደውሉ ጠይቁ፤ ስለ ታክሲና ስለ ጋዝ ስቴሽን ብቻ አትጠይቁ።

ሌላው በር ማሽኑ ነው። «ሲኤንሲ መጥቶ ሥራችንን አይወስድም ወይ?» ብሎ አንድ ሠልጣኝ በር ላይ ጠየቀኝ። የመቀሱን ይወስዳል። የመስመሩን ግን እንዲያውም ያስወድደዋል። ከተማው ውስጥ ሐረግና አንበሳ የተቀረጸባቸው የግቢ በሮች ስታዩ ያንን የቆረጠው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት አይቆርጥም። ያንኑ የ2 ሚሊሜትር ጉዳይ ካልነገራችሁት ማሽን ከእኔ በፈጠነ ሁኔታ 40 በር ያበላሻል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን በሃያ ደቂቃ። ካርቶን ላይ የታጠፈ እጅ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥ ያያችሁ እንደሆነ፣ ስክሪኑን እያየ ጣቶቹ አየር ላይ ያጥፋሉ። እሱን እፈልገዋለሁ።

ለትብብር ሥልጠና ወደ ወርክሾፕ ስትወጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሻይ እያመጣችሁና ወለል እየጠረጋችሁ ወራቱ አልቆ፣ ማኅተም ተመትቶላችሁ የምትመለሱበት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ስታዩት ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ ሥዕል የሌለበት ቤት ነው። ሥዕል ያለበት፣ ላሜራ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር የሞላበት ቤት ፈልጉ፤ ቢርቅም ሂዱ። የሲኦሲ ምዘናውን ለማለፍ የሚያስፈልጋችሁ እዚያ ነው ያለው፤ ካለፋችሁ በኋላም የሚያስፈልጋችሁ እዚያ ነው።

የራሳችሁን ልትከፍቱ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ፕሮፎርማ ስትሰጡ የሚጸናበትን ቀን ጻፉበት። ሰባት ቀን፣ አሥር ቀን፣ የፈለጋችሁትን። ያለ ቀን የተሰጠ ፕሮፎርማ በሦስተኛው ወር «በዚህ ዋጋ ብለሃል» ተብሎ ይመለስላችኋል፤ ላሜራው ግን በሦስት ወር ውስጥ የት እንደደረሰ አትጠይቁኝ። ላሜራ ስትገዙም ውፍረቱን ነጋዴው እንደነገራችሁ አትመኑ። ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ላሜራው እንደሚሳሳ እንኳ የማያውቅ ገዢ ብዙ ነው። ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ካሊፐር ባይኖር ሚዛን አለ፦ አንድ በሁለት የሆነው ባለ 1 ሚሊሜትር ብረት ወደ 16 ኪሎ መሆን አለበት። 13 ከሆነ የተሸጠላችሁ ሌላ ነው።

ስለ ጤና አንድ ነገር ብቻ፤ ሌላውን አሠልጣኞቻችሁ ነግረዋችኋል። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ዚንክ የተቀባ ነው። ስትበይዱት የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚንክ ጭስ ነው። ቀን ምንም አይላችሁም፤ ማታ ግን ብርድ ብርድ ይላችኋል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ አፋችሁ ብረት ብረት ይላል። ወርክሾፕ ውስጥ ሁሉም የሚሰጣችሁ ምክር «ወተት ጠጣ» ነው። እኔም ብዙ ሊትር ጠጥቻለሁ። ወተት ለቁርስ ጥሩ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባን ጭስ ግን አይከለክልም። ከመበየዳችሁ በፊት ዚንኩን ፋቁት፣ በር ክፈቱ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ ሳይሆን ከጎናችሁ አድርጉት፣ ማስክ አድርጉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን አለመበየድ ነው። ሪቬት አለ። እጥፋት አለ።

አሁን ወደ ላሜራችን እንመለስ። እዚያ ኋላ እጇን ያነሣችው ልጅ፣ ነዪ ወደ መድረክ። ጓንት አድርጊ፣ ጠርዙ ምላጭ ነው።

ሁለት ያላችሁት እንዲህ አስባችኋል፦ 68 እና 68 ይሆናል 136፤ ሦስተኛ ከጨመርን 204፤ ላሜራው 200 ነው፤ 4 ሴንቲሜትር ጎደለ። ሒሳቡ ልክ ነው። የተሳሳተው ክቦቹን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መደርደራችሁ ነው። ላሜራው 100 ስፋት አለው፤ ክቡ 68 ነው፤ 32 ሴንቲሜትር ትርፍ በላይም በታችም ተኝቷል። የመጀመሪያውን ክብ ወደ ታችኛው ጠርዝ አስጠጊው። ሁለተኛውን ወደ ላይኛው። ሦስተኛውን እንደገና ወደ ታች። ሲዘበራረቁ አንዱ የሌላው ብብት ውስጥ ይገባል፤ በማዕከሎቻቸው መካከል በርዝመት የሚያስፈልገው 68 መሆኑ ቀርቶ 60 ይሆናል። 34 እና 60 እና 60 እና 34። 188 ሴንቲሜትር። ሦስት ክዳን ወጣ፤ 12 ሴንቲሜትርም ተረፈ። ከዚያ ትርፍ ላይ እጀታና ማንጠልጠያ ይወጣል።

ጠርዙን 1 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ማጠፍ የሚፈልግ ሰው ክቡን 70 ያደርገዋል። ያኔም ሦስት ይወጣል፤ 196 ተኩል ላይ ያልቃል። ጠበብ አለ፤ ግን ገባ።

አሁን የእናንተ ተራ። ከግድግዳው ጋር የቆመው ሁለተኛው ላሜራ ትልቁ ነው፣ 122 በ244። በ68ቱ ክብ ከእሱ አምስት ክዳን ይወጣል፤ ቅድም ለክቼዋለሁ። ጠርዙን ለማጠፍ ክቡን 70 ስታደርጉት ግን አራት ብቻ ነው የሚወጣው። አንዱን ክዳን የበላችው 1 ሴንቲሜትር ናት። አምስቱም እንዲወጡ፣ ጠርዙም እጅ እንዳይቆርጥ ማድረግ ይቻላል። እኔ አንድ መንገድ አለኝ፤ ከእሱ የተሻለ የሚያሳየኝ ካለ ጠመኔውና መጫሪያው እዚህ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ልጆች፣ ላሜራውን ስታወርዱት ከሁለት ጫፍ ያዙት፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ነፋስ አለ።